በሱዋኪን የተናደው ግድግዳ

ሼኽ ሙሳዕድ ከፍርስራሽ ሥር ሞተው የተገኙት ጎህ ሲቀድ ነው።

ድሮ ቆዳና ሙጫ የሚጭኑ መርከቦች በቀይ ባሕሯ ደሴት በሱዋኪን ተራ ይጠብቁ ነበር። እንግሊዞች በስተሰሜን አዲሱን ወደብ ከሠሩ ወዲህ ግን ነጋዴው እየነቀለ ሄደ። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩት ቤቶችም የሚለስናቸው አጥተው ይናዱ ጀመር። ደሴቲቱ ላይ የቀሩት የሼኹ ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ።

ከማዶው የባሕር ዳርቻ የተጠራው ፖሊስ፣ ሳጅን አዳሮብ፣ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። አፋቸውን ከፍቶ አየ፤ ከጀርባቸው ሥር ያለውንም መሬት ዳሰሰ።

«ምኑን ትመረምራለህ? ግድግዳ ወደቀባቸው፣ በቃ!» አለ ጀልባ ነጂው ጀይላኒ። «ትናንት ፀሐይ ልትገባ ስትል ሲናድ፣ እኔ፣ ወንድማቸው ኦኑርና ሚስታቸው ሰኪና ሦስታችንም ወደቡ ላይ የኦኑርን ዕቃ እንጭን ነበር።»

«ገብቶ ያየ የለም?»

«ሰኪና አየች። 'ማንም የለም፣ ሼኹ መስጊድ ናቸው' አለችን። እኔ ማዶ ተሻግሬ ከጓደኞቼ ጋር አደርኩ።»

የሟቹ ወንድም ኦኑር የተሰበረ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያለቅሳል። «ወደ አዲሱ ወደብ አብረን እንሂድ ብዬው እንቢ ስላለኝ ተጣልተናል፤ አልዋሽህም። ግን ወንድሜ ነው!»

ሰኪና እጆቿን ልብሷ ውስጥ ደብቃ ተቀምጣለች።

«አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ። እስቲ ውሃ አቀብይኝ» አላት ሳጅኑ። ጣሳውን ሲቀበል መዳፏን አየ፤ ገና ያልደረቀ ሂና ተቀብቷል።

ውሃውን ጠጥቶ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ግድግዳ የተጫነው ሰው አቧራ ይውጣል። የሼኹ አፍ ግን ንጹሕ ነው። ከሥራቸው ደግሞ ፍርስራሽ አለ። እንግዲህ ቀድሞ የወደቀው ግድግዳው ነው፤ እሳቸው በኋላ ነው እላዩ ላይ የተጋደሙት። ሲናድ የት እንደነበራችሁ ምንም አያደርግልኝም። ድንጋዩን ማን ከመረባቸው? ጀይላኒ ማዶ ነው ያደረው። ኦኑር በአንድ እጁ ይህን አያነሳም።»

«እኔን ልትል ነው?» አለች ሰኪና።

«የባሕር ድንጋይ እንደ ምላጭ ነው፣ እህቴ። ባሏ የሞተባት ሴት ቁስል ካልደበቀችበት በቀር ሂና አትቀባም።»

ኦኑር ማልቀሱን አቆመ። ሰኪና ቀስ ብላ መዳፎቿን ዘረጋች።

«ልጄን ትኩሳት ሲይዛት፣ ሐኪም ወዳለበት እንውሰዳት ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። 'የአባቶቼን ቤት ጥዬ አልሄድም' አለኝ። ሞተች። ትናንት ቀትር ላይ፣ ከኦኑር ጋር ልሄድ ነው ስለው፣ 'አንቺም እዚሁ ከልጅሽ ጎን ትቀበሪያለሽ' አለኝ። ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ገፋሁት። በኋላ ግድግዳው ሲናድ... በምንጣፍ ጎትቼ አመጣሁት።»

ሼኹን ቀበሯቸው። ከሰዓት በኋላ ጀልባው ወደ ሰሜን ሲነሳ ሰኪና እጆቿ ታስረው ከሳጅኑ ፊት ተቀመጠች፤ ደሴቲቱ ላይ አንድም ሰው አልቀረም። ነፋሱ መልካም ስለነበር አዲሱ ወደብ ሳይመሽ ታየ።

«ሐኪም ቤቱ የትኛው ነው?» አለች።

ሳጅኑ በጣቱ አሳያት።

«ይህን ያህል ቅርብ ኖሯል?» አለችና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።