የሐቶር ጓሮ

በሦስተኛው የበጋ ወር፣ በሠርቀ ጨረቃ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የሐቶር ጀልባ ኤድፉ ደረሰች። የላም ቀንድ ያላት የግብፅ አምላክ ሐቶር እንደየዓመቱ ባሏን ሆሩስን ልትጠይቅ ከደንደራ ተነሥታ ዓባይን ሽቅብ ወጥታ ነው የመጣችው።

ታሚዩ ጀልባዋ ላይ ጸናጽል ከሚያንሿሹት ልጃገረዶች አንዷ ነበረች። ዳር ቆሞ ገመድ ይቀበል የነበረው ፓኑፈር ቀና ብሎ አያትና ገመዱን ሳተው። ሊይዘው ሲንጠራራ ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ገባ።

«ሆሩስ ሚስቱን የሚቀበለው በዋናተኛ ነው እንዴ?» አለችው።

«ዋና እንኳ አልችልም» አለ፣ ውኃው ከጉልበቱ ሳያልፍ።

ባልና ሚስቱ አማልክት የሚሰነብቱት ጨረቃ እስክትሞላ ነው። ከተማው ይጠጣል፣ ይዘፍናል። ሁለቱ ግን ብዙውን ጊዜ ወንዙ ዳር ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። እሱ ተምር ያቀብላታል፤ በልታ ስትጨርስ ፍሬውን ከመዳፏ ላይ ይለቅምላታል። እጁን ቶሎ አያነሳም። እሷም አትሰበስብም።

ጨረቃዋ ልትሞላ ስትቃረብ እናቱ ታቤስ ፊት አቀረባት። የታቤስ ባል የሞተው ፓኑፈር ገና ሲድህ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠላ እየሸጠች ብቻዋን አሳደገችው።

«ልጅቷስ ጥሩ ናት» አለች ለልጇ። «ምራት ግን ወደ ባሏ ቤት ነው የምትገባው።»

«እማማ፣ አባቴ ዓይነ ስውር ነው» አለች ታሚዩ። «ከእኔ ሌላ ሰው የለውም። ጥዬው አልመጣም።»

«ታዲያ ይሄ እኔን ጥሎኝ ይሂድ?»

«ሐቶር እንኳ ባሏን ጠይቃ ቤቷ ትመለሳለች።»

«አንቺ ሐቶር ነሽ? እስቲ መጀመሪያ እንደሷ ቀንድ አብቅዪ።»

ፓኑፈር ሳቁን ሊደብቅ አቀረቀረ። እናቱ አልሳቀችም።

«እኔ የማውቀው የሆሩስን እናት ኢሲስን ነው» አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ባሏን ገደሉባት። አንድ ልጇን ደንገል ውስጥ ደብቃ አሳደገች። እኔም ያለኝ ይሄው ነው።»

ፓኑፈር አንዴ እናቱን፣ አንዴ ታሚዩን አየ። ታሚዩ ዓይኑን አይታ ገባት፤ «ና» ብትለው ይመጣል፤ ልቡ ግን እዚሁ ይቀራል። እንዲያ ሆኖ አልፈለገችውም። ተነሥታ ታቤስ እግር ሥር ተቀመጠች።

«እማማ፣ ደንደራን አይተው ያውቃሉ?»

«ምን ልሠራ?»

«ከሐቶር ቤተ መቅደስ ጀርባ ትንሽ ቤት አለች። የኢሲስ ናት። የባሏ እናት ከምራቷ ጓሮ ነው የምትኖረው። የእኛም ቤት ጓሮ አለው።»

ታቤስ የጠላውን እንስራ አፍ በመዳፏ ስትጠርግ ቆየች። ንጹሕ ነበር።

«ይጣላሉ?» አለች በመጨረሻ።

«እነማን?»

«ኢሲስና ሐቶር ናቸዋ።»

«እስካሁን አልሰማንም። ግድግዳው ወፍራም ነው።»

የታቤስ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ጠላውን የምጠምቀው ግን እኔ ነኝ» አለች። «የምራት ጠላ አልጠጣም።»

ጨረቃ ሞልታ የሐቶር ጀልባ ቁልቁል ስትመለስ ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ጀልባ ተከተለች። ታሚዩ ከፊት ተቀምጣለች። ፓኑፈር እንስራ አቅፏል፤ እናቱ «ቀስ፣ ያ የአባትህ ነው» ትለዋለች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፓኑፈር በንዳድ ሞተ። እናቱና ሚስቱ ፀጉራቸውን በትነው፣ ጎን ለጎን ቆመው አለቀሱለት። ሐዘኑ ሲበርድ የኤድፉ ዘመዶች ታቤስን የሚያመጣ ጀልባ ላኩ። ጀልባው ባዶውን ተመለሰ።