ሺዮሪ ያጠፋችው የአያቷ መዝገብ

ሺዮሪ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው በኤሂሜ ክፍለ ሀገር፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው የመንደሪን ተራራ ሥር ነው። የምትኖረውም ከእናቷና ከአያቷ ከቶኩጂ ጋር ነበር።

አያቷ ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ተራራ ላይ ድንጋይ ሲክቡና መንደሪን ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው የብርድ ወራት ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና አንድ ወር ሆስፒታል ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳኑ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ "ጭንቅላትዎን በየቀኑ ያሠሩት፤ ሥራ እንዳይፈታ" አላቸው። ስለዚህ የሺዮሪ እናት በእጅ የሚያዝ ትንሽ የጨዋታ መሣሪያ ገዛችላቸው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በስክሪኑ ላይ ከትናንሽ ኩቦች የተሠራ ድፍን ጡብ ይታያል። ኩቦቹ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በዚያ ረድፍ ስንት ኩብ መቅረት እንዳለበት ይናገራል። ትርፉን እየመቱ ማንሳት ነው። መቅረት ያለበትን የመታ ሰው ስሕተት ይቆጠርበታል። ጡቡን በላይም በታችም በጎንም እያዞረ አስቦ የጨረሰ ግን ከውስጡ አንድ ነገር ያገኛል፤ ውሻ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ወይም መርከብ። በግምት የሚሆን ነገር የለም።

አያት ይህን ጨዋታ ወደዱት። "ድንጋይ እኮ ነው! ዞረሽ ሳታዪው ከመታሽው ጉድ ይሠራሻል" ይሉ ነበር። በየጠዋቱ ሾርባቸውን ከጠጡ በኋላ አንድ ይፈታሉ። ሲጨርሱም ሺዮሪን ይጠሩና፣ "ይኸው ኤሊ! የአያትሽ ጭንቅላት ገና አልዛገም፣ አይደል?" ይሏታል። ያገኟቸው ቅርጾች ሁሉ በጨዋታው ውስጥ በስማቸው ተደርድረው ይታያሉ። መቶ አርባ ሦስት ደርሰው ነበር። ከዚያ ትንሿን የጭነት መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ላይኛው እርሻ ይወጣሉ።

በጨዋታው ውስጥ የሚመዘገበው ሦስት ሰው ብቻ ነው። አንዱ አያት፣ ሁለተኛዋ ሺዮሪ፣ ሦስተኛዋ እናቷ ነበሩ። እናቷ አራት ፈትታ ሰልችቷት ትታዋለች።

አንድ ቅዳሜ ካናዴ የምትባል የክፍሏ ልጅ ልትጫወት መጣች።

"እኔም በስሜ ልጀምር" አለች ካናዴ።

"ቦታ የለም። ሞልቷል።"

"የእናትሽን አጥፊዋ! እሷ እንደሆነ አትጫወትም።"

"ሳልጠይቃት?"

"ውይ፣ ይቺ ደግሞ! እናቷን ሳታስፈቅድ አትተነፍስም" ብላ ካናዴ ሳቀችባት።

ልጆች፣ መሳቂያ መሆን ማንም አይወድም። ሺዮሪም ፊቷ ቀላ። መሣሪያውን ነጥቃ ቶሎ ቶሎ ነካካች። መሣሪያው "ይጥፋ?" ብሎ ጠየቃት። "አዎ" አለች። "ከጠፋ አይመለስም፤ ይጥፋ?" ብሎ ደግሞ ጠየቃት። የማንን እንደምታጠፋ ሳታነብ አሁንም "አዎ" አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሺዮሪ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም። የእናቷ ስም እንዳለ ተቀምጧል። የጠፋው የአያቷ ነው።

"እኔ የለሁበትም" አለችና ካናዴ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት አያት መሣሪያውን ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች ፈለጉ።

"ሺዮሪ፣ እስቲ ነይ። ስሜ የታለ?"

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እኔ እንጃ፣ አባባ። ምናልባት እርስዎ ሳይታወቅዎት ነክተውት ይሆናል።"

ልጆች፣ ይህን ስነግራችሁ እኔንም ያመኛል። አያት አልተቆጡም። ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። "ሁለት ጊዜ ይጠይቃል እኮ" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለት ጊዜ አዎ ብያለሁ ማለት ነው። ምንም አላስታውስም።" ሺዮሪም ከክፍሉ ወጣች።

በዚያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የንስሐው ጸሎት ሲደርስ ሺዮሪ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች። አያቷ ከጎኗ ዐይናቸውን ጨፍነው ሌላው ሰው ከተቀመጠ በኋላም ቆመው ቀሩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚያ ቤት ግን እያደር ጨለመ። ሰኞ መኪናዋ ከደጅ አልተነሣችም። ማክሰኞ አያት ዳገቱን በእግራቸው ሞክረው ከመንገድ ተመለሱ። ረቡዕ ጎረቤታቸውን ኢዋኦን አስጠሩት።

"ላይኛውን እርሻ አንተ ያዘው" አሉት። "ያለ መኪና አይወጣም።"

"ምን ነካህ ቶኩጂ? ድነህ የለም እንዴ?"

"የዳንኩ መስሎኝ ነበር።"

ማታ እራት ላይ፣ "ነገ መንጃ ፈቃዴን ለፖሊስ እመልሳለሁ" አሉ።

"በአንድ ጨዋታ የተነሣ ነው አባዬ?" አለች የሺዮሪ እናት ደንግጣ። "እሱ አንዴ ከተመለሰ እኮ በዚህ ዕድሜዎ ዳግም አይሰጡዎትም።"

"ያደረገውን የማያስታውስ ሰው መሪ አይይዝም። በዚያ መንገድ ተማሪዎች ያልፋሉ።"

ሺዮሪ የሩዝ ሳህኗን አስቀመጠች። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አለች በልቧ። ነገም ጠዋት መጣና አልነገረቻቸውም፤ ቦርሳዋን አንግታ ሹልክ አለች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አየቻቸው። ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። መንጃ ፈቃዳቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አውቶቡሱ ቁልቁል መጥቶ ቆመና በሩ ተከፈተ። አያት አንድ እግራቸውን አነሡ።

"አባባ፣ አይግቡ!" ሺዮሪ እየሮጠች ጮኸች። "እኔ ነኝ! ያጠፋሁት እኔ ነኝ!"

አያት ዞሩ። "ምን አልሽ?"

"ጨዋታውን... ቅዳሜ። የእማዬን ላጠፋ ብዬ የእርስዎን አጠፋሁት። ከዚያ ዋሸሁዎት።"

"እኔ አይደለሁም?"

"አይደሉም።"

"በእርግጥ እኔ አይደለሁም?"

"አልነኩትም፣ አባባ። እኔ ነኝ።"

"አባት፣ ይገባሉ ወይስ ይቀራሉ?" አለ ሾፌሩ።

"ሂድ ልጄ፣ ሂድ" አሉ አያት፣ ዐይናቸውን ከሺዮሪ ሳያነሡ።

አውቶቡሱ ሄደ። ሺዮሪ ቁጣውን ጠበቀች። ቁጣ ግን አልመጣም። አያት አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ። ሚስታቸው በተቀበሩ ቀን እንኳ ሲያለቅሱ አላየቻቸውም ነበር።

"አምስት ቀን ሙሉ የገዛ እጄን ስፈራው ሰነበትኩ" አሉ።

ሺዮሪ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። "ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ጨዋታው ምንም አይደለም። ከአንድ እጀምረዋለሁ" አሉ። "አንቺ ግን ጭንቅላቴን ነበር የወሰድሽብኝ፣ ሺዮሪ።" እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። "ይቅር ብዬሻለሁ። ለእናትሽም ለኢዋኦም ግን ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።"

ያን ቀን ማታ ሺዮሪ ለእናቷ ነገረቻት። ከዚያም ወደ ኢዋኦ ቤት ሄዳ፣ ደጃፉ ላይ አጎንብሳ ሁሉንም ተናገረች፤ እርሻውንም እንዲመልስ ለመነችው። ሦስተኛው ኑዛዜ ከመጀመሪያው አልቀለላትም።

አርብ ጠዋት ሺዮሪ ገና ከአልጋዋ ሳትነሣ የትንሿ መኪና ሞተር ጮኸ። ድምፁ ዳገቱን እየወጣ፣ እየራቀ ሲሄድ አዳመጠችው። እንባዋንም ጠርጋ፣ ከእሑድ ጀምሮ ያልቻለችውን የንስሐ ጸሎት በድምፅ ጸለየች።

ልጆች፣ የደበቅነው ጥፋት አይጠፋም፤ ምንም ያላጠፋ ሰው ይሸከምልናልና፣ ስታጠፉ ያኔውኑ "እኔ ነኝ" በሉ።