አርባኛው ትምህርት

ካሜራማኑ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና «ይቅርታ፣ ድምፁ ተበላሽቷል። ይድገሙልኝ» አለ።

የሒሳብ መምህርቷ ሰሌዳውን ጠረገች። አራተኛ ጊዜዋ ነበር። ተማሪ በሌለበት ክፍል ለካሜራ ማስተማር አንገሽግሿታል።

ትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ መምህር አርባ ትምህርት እንዲቀረጽ አዟል። «መምህር የታመመ ቀን መጠባበቂያ ይሆናል» ነበር የተባሉት። እሷ ሠላሳ ዘጠኙን ጨርሳለች። አርባኛው ግን አልሳካ ብሎ ከረመ።

ቀድመው የጨረሱት የኬሚስትሪው መምህር ነበሩ፤ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው። ተጨበጨበላቸው። በሳምንቱ ታመዋል ተባለ። በማግሥቱ ወንበራቸው ከመምህራን ክፍል ወጣ። የት እንደሄዱ የጠየቀ የለም። እሷም አልጠየቀችም።

«አራቴ?» አሉ እናቷ ማታ ቤት ስትነግራቸው፣ የታጠበ ልብስ እያጠፉ። «የሰውዬው ጆሮ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። አስተማሪነቴን ንቆት ይሆናል።»

«ሞኝ። አራቴ ስሚኝ የሚል ወንድ ሞልቷል። አራቴ ላዳምጥሽ የሚል ግን በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ሸጋ ነው?»

«እማዬ፣ ተይኝ በቃ።»

«ሸጋ ነው ማለት ነው።»

መምህርቷ ከልብሱ አንዱን አንሥታ ማጠፍ ጀመረች። ስታስረዳ ከካሜራው ጀርባ ከንፈሩ አብሯት ሲንቀሳቀስ አይታለች። አንድ ቀንም «ያኔ እርስዎ ቢያስተምሩኝ ኖሮ ትምህርቴን አላቋርጥም ነበር» ብሏት፣ ወዲያው ኬብል ለመጠቅለል አጎንብሷል።

በማግሥቱ አምስተኛውን ሙከራ ጨረሰች።

«ድምፁ...» ብሎ ጀመረ ካሜራማኑ።

«እስቲ ራሴ ልስማው።»

አመነታ። ማዳመጫውን ከእጁ ወሰደች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል። የጠመኔው ሲጢጥታ እንኳ አልቀረም።

«እየቀለድክብኝ ነው?»

ሄዶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ «እርስዎ» ማለቱን ተወው።

«አርባው ሲሞላ ያሰናብቱሻል። ጋሼ አልታመሙም፤ አባረዋቸው ነው። ያንቺም ደብዳቤ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቀረጻ ላስረክብ ስገባ አየሁት፤ ቀኑ ብቻ ነው ያልተጻፈው።»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

ወለሉን አየ። «ከሃያኛው።»

«ከሃያኛው ጀምሮ ዓይን ዓይኔን እያየህ ዝም አልክ?»

«ብናገር ያስወጡኛል። ከወጣሁ ደግሞ አላይሽም። ፈራሁ። መጨረሻው ሲደርስ ማበላሸት ብቻ ነው የመጣልኝ።»

ንዴትና ሌላ ነገር አንድ ላይ ደረቷ ውስጥ ገቡ። አንድ ላይ መምጣታቸውን አልወደደችውም።

«ሌሎቹስ መምህራን?»

«ዘጠኙ በዚህ ሳምንት ይጨርሳሉ።»

«እንግዲያው አሁን ትነግራቸዋለህ። እኔ ሳልሆን አንተ ራስህ።»

«ዛሬውኑ ያባርሩኛል እኮ።»

«አውቃለሁ። ስለ እኔና ስለ አንተ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።»

ዞር ሳትል ወጣች። ኮሪደሩን አጋምሳ ነው የእግሩን ኮቴ ከኋላዋ የሰማችው።

መምህራን ክፍል ገብቶ ሁሉንም ተናገረ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ውሸት ነው አላለም። የታሪክ መምህሩ ብቻ መነጽሩን ጠረገና «እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ፤ እምቢ ካልኩ ዛሬውኑ ነው የሚያባርሩኝ» አለ። ተነሥቶ ወደ ቀረጻው ክፍል ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ከቀትር በፊት ካሜራማኑን ዕቃ አስረክብ አሉት። እሷ አርባኛውን አልቀረጽም አለች። ሠላሳ ዘጠኙ ይበቃል ተባለና ቀኑ ተሞልቶ ደብዳቤዋ ተሰጣት።

በሦስተኛው ወር ተጋቡ። እሱ የስልክ ጥገና ከፈተ። እሷ ሳሎናቸው ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ታስጠናለች።

አንድ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አብረው ሲያልፉ ከተከፈተ መስኮት የራሷ ድምፅ መጣ። ቆመች። ልጆቹ ረድፍ ይዘው ስክሪኑን ያያሉ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«እዚህ ጋ ነው የሚጠፋባቸው» አለች መምህርቷ። «ሁልጊዜ እዚህ ጋ እቆም ነበር።»

ድምፁ አልቆመም። ልጅቷ እጇን እንዳወጣች ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ዝቅ አደረገችው።

«እንሂድ የኔ ዓለም» አላት ባሏ።

«አንተ ሂድ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ልቆይ።»

አልሄደም። ሥራውን ትቶ አጠገቧ ቆመ።