ከኋላ ያለው ብሎን

ቀጮ ሳለች። የመፍቻው መርፌ ግን ገና ቁጥሯ ላይ አልደረሰችም ነበር።

አባቷ ሳሏን እንደሰማ መጎተቱን አቆመ፤ መፍቻውን ከብሎኑ ላይ ነቀለና ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «አለቀ፣ እትዬ» አለ በኩራት፤ «ቴስታታው ተገጠመ።»

እትዬ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ አጠገቧ ቆመው ሞተሩ ውስጥ አጎንብሰው ያያሉ። ቀጮ የምታበራለትን መብራት በሁለት እጇ ያዘች።

ሳሉ የሁለቱ ምስጢር ነው። አባቷ ባለ ረጅም እጀታውን መፍቻ ብሎኑ ላይ ሰክቶ ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር እጀታው ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ በቁጥሮቹ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች። የሚፈለገው ቁጥር ላይ ስትደርስ ቀጮ ትስላለች፤ እሱ ያቆማል። ለሚያያቸው ሰው ትምህርት ሲዘጋ አባቷን የምታግዝ፣ ደረቷን ብርድ የመታት ደግ ልጅ ናት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አባቷ በቅርብ ያለ ነገር ሁሉ ጉም ይለብስበታል። መነጽር ሞክሮ ነበር፤ ሐኪሙ «ይሄ ከመነጽር ያለፈ ነው» ብሎ መለሰው። ሌላውን ሥራ በእጁ እየዳበሰ ይወጣዋል፤ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ቢያዩት ዓይን ለመካኒክ ትርፍ ነገር ነው ያሰኛል። ቴስታታ ላይ ግን እጅ አይታመንም፤ ይህን የሚለው ራሱ ነው።

«ቴስታታ ማለት የሞተሩ ክዳን ነው» ብሎ ነበር ያስረዳት መጀመሪያ ቀን። «የድስት ክዳን ግን አይደለም፤ ዝም ብለሽ አትደፍኚውም። ከመሃል ትጀምሪያለሽ፤ ከዚያ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ማዶ እያልሽ ወደ ዳር ትወጫለሽ። እሱንም በአንዴ አይደለም። መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠበቅ፣ በመጨረሻ ልኩ ድረስ። አንዱ ብሎን ከላላ ውሃው መውጫ ያገኛል። ውሃው ከወጣ ሞተሩ ይቃጠላል። ሞተር ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ችሎሽ ዳገት ላይ ነው ጉድ የሚሠራሽ።»

ዛሬም እንዲሁ እያሉ መጨረሻው ዙር ላይ ደርሰው ነበር። የቀረው ከኋላ፣ በግድግዳው በኩል ያለው ብሎን ብቻ ሲሆን እትዬ ሳይታሰቡ መጡ።

«ይቺን ልጅ ሳሉ አሁንም አልለቀቃትም?» አሉ። «ሐኪም ቤት ውሰዳት እንጂ ወንድሜ! ብረት የምትጠግን ሰውዬ ልጅህን አታስጠግንም?» ከዚያ ወደ መፍቻው ጎንበስ አሉና «ስንት ላይ ደርሷል?» ብለው ጠየቁ።

አባቷ ስንት ላይ እንደደረሰ አያውቅም። ባለፈው ወር እትዬ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ኤሌክትሪሺያን «ቤትህ ዕረፍ» ብለው ሸኝተውታል፤ ሰውዬው ጋራዡ ውስጥ ያረጀ ሰው ነበር። መርፌዋ ገና መንገድ ላይ ናት። እትዬ መልስ ይጠብቃሉ። ቀጮ ሌላ ማሰብ አልቻለችም፤ ጥያቄው እንዲያልፍ ብቻ ፈለገች፤ ሳለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነባት። የቴስታታው መሸፈኛ ተከደነ፣ ራዲያተሩ ውሃ ተሞላ፣ አባቷ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። ጸጥ ያለ፣ ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ቀጮ ጆሮዋን ቀስራ አንድ ክፉ ነገር፣ አንድ ፉጨት ቢጤ ጠበቀች። ምንም የለም። «እንግዲህ በቃ፣ ጠብቋል ማለት ነው» አለች ለራሷ። ልቧ ግን አላመናትም።

አባቷ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ ተከተለችው።

«አባዬ…»

«ወዬ?» አለ ሳሙናውን እያሻሸ። ፊቱ በርቷል። «ዛሬ እንዴት ጎበዝ እንደነበርሽ! እትዬ እዚያ ቆመው እንኳን አልደነገጥሽም። እኔ ብሆን ውሃ ነበር የምሆነው።»

ትንፋሽ ወስዳ እንደገና «አባዬ» ስትል እትዬ ከወዲያ ማዶ ተጣሩ፤ ሹፌሩ መኪናውን ሊረከብ መጥቷል።

መኪናው የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ነው። ሹፌሩ ሁሉን በቀልድ የሚጀምር ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ሞተሩን ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአባቷ እጅ ነሣ። «የሞተ ያስነሣል የሚሉት እውነት ነው ለካ!» አለ። «በል አሁን ልሂድ። ነገ በጠዋት ዳገቱን መውጣት አለብኝ። እላይ ሁለት ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ አንዷ መንታ ነው የያዘችው።»

ዳገቱን ቀጮ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወጥታዋለች። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ድንጋይ፤ ቤት የለ፣ ሰው የለ፣ ስልክ አይሠራ። እንፋሎት የሚተፋ ሞተር ታያት፤ ከኋላ ደግሞ የምትጮህ ሴት።

ሹፌሩ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቀጮ ሄዳ መኪናው ፊት ቆመች። እጇን የመኪናው ኮፈን ላይ አሳረፈች። ይሞቃል።

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «ምነው ቀጮ፣ አብረሽኝ ልትሄጂ ነው እንዴ?»

«አይሂዱ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። «አንዱ ብሎን አልጠበቀም።»

እትዬ ቀረብ አሉ። «የቱ ብሎን?»

«ከኋላ ያለው። በግድግዳው በኩል።»

«አንቺ በምን አወቅሽ? ያጠበቀው አባትሽ ነው፤ አንቺ የያዝሽው መብራት።»

ውሸቱ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። «እኔ ነካክቼ አላልቼው ነው» ብትል ሁለት ጥፊ ቀምሳ ታልፈው ይሆናል፤ አባቷም ሥራው ላይ ይቆያል። ግን ነገስ? ነገም ሌላ ሞተር አለ፤ ነገም ትስላለች፤ ነገም እትዬ ሳይታሰቡ ይመጣሉ። ውሸቱን አላለችውም። አባቷን አየችው። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየችው፤ መቼ እንደሳለችና ለምን እንደሳለች ገብቶታል።

«እትዬ» አለ አባቷ። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ እጁ ግን ከታጠበ ቆይቷል። «እኔ መርፌዋን አላያትም። ዓመት አለፈኝ። የምታይልኝ እሷ ናት።»

እትዬ ቢጮሁ ይሻል ነበር። አልጮሁም። አባቷን አዩት፣ ቀጮን አዩዋት፣ ሞተሩን አዩት።

«እኔ ማደር እችላለሁ» አለ ሹፌሩ ቀስ ብሎ። አሁን አልቀለደም። «ሴቶቹን የማመጣው ነገ ነው።»

«ሞተሩ ይቀዝቅዝ» አሉ እትዬ በመጨረሻ። «ሌላው ወሬ ከዚያ በኋላ ነው።» ወደ ቢሯቸው ገቡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም።

አባትና ልጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ከመኪናው ሥር ብረቱ እየቀዘቀዘ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ቀጮ «ተቆጣኸኝ?» ብላ ጠየቀች።

«አልተቆጣሁም» አለ። «ፈርቻለሁ።»

አባቷ ይህን ቃል ሲል ሰምታ አታውቅም። «እኔም» አለች፤ ክንዱንም ያዘች። ክንዱ ከባድ ነበር፤ አላስለቀቃትም።

ሞተሩ እጅ የሚያስነካ ሲሆን ኮፈኑንና የቴስታታውን መሸፈኛ አነሡ። አባቷ የላላውን ብሎን ብቻ አልነካም። ሁሉንም ከዳር ጀምሮ ለቀቅ ለቀቅ አደረጋቸው፤ ከዚያ ከመሃል ጀመረ። መጀመሪያ ለስለስ፤ ቀጥሎ ጠበቅ። እትዬ መጥተው ከቀጮ ጀርባ ቆሙ። ሽቷቸው ይሸታታል፤ ትንፋሻቸው ማጅራቷ ላይ ይሰማታል። ነገ አባቷ እዚህ ይግባ አይግባ ማንም አልነገራትም፤ እሷም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

የመጨረሻው ዙር ላይ አባቷ መፍቻውን ከኋላ ያለው ብሎን ላይ ሰካው፤ ጎተተ። ደም ሥሩ ግንባሩ ላይ ተገተረ።

«ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም እየሰማው።

እትዬ በትከሻዋ በኩል ወደ መርፌዋ አጎነበሱ። ቀጮ መብራቱን አስጠጋች።

«ገና ነው አባዬ» አለች። «ጨምር።»