የሽንፈት አመድ

ሎዌል ስቲክኒ ሞተው የተገኙት የሚደግፉት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በተሸነፈ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ በገዛ ጋራዣቸው ውስጥ ነው። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ማዳመጫው ከጆሯቸው አልወለቀም፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ቴሌቪዥን የቅዳሜውን ጨዋታ አሁንም ያሳያል። ከኋላቸው፣ ከአሮጌው ፒክአፕ መኪና ጀርባ፣ የሥጋ መጥበሻው የከሰል ምድጃ አመድ ሞልቶት ቆሟል። በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር። ከሰሉ አፍኖ ገድሏቸዋል።

የወረዳዋ መርማሪ ሮዊና ቲግ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም። ደጅ የቆሙት ሦስት ሰዎች ግን ክርክራቸውን አላቋረጡም።

«ሦስት ነጥብ!» ይላል ጣሪያ ሠሪው ገስ ፕሩት፣ እጁን እያወናጨፈ። «አስመትቶ አቻ መውጣት ሲችል!»

«አራተኛ ሙከራ ላይ፣ ሁለት ያርድ ሲቀረው፣ ሮጦ ሊገባ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቨርነን ሆክስትራ። «እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ከየት ነው የሚለቅሙት?»

«ሎዌልዬም እስከ መጨረሻው ለዚሁ ሰውዬ እንደተሟገተ ሄደ» አሉ ወይዘሮ አርሊን ቦግስ እንባቸውን እየጠረጉ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። የጋገሩት ፓይ እጃቸው ላይ ነው።

ሮዊና እዚሁ አዮዋ፣ ኳስ ባመለከ አባት ቤት ነው ያደገችው፤ ቅዳሜ ቡድኑ ከተሸነፈ እሑድ ምሳ በኩርፊያ እንደሚበላ ታውቃለች። በሬሳ ፊት ሲሟገቱ ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴነር ክሪክ ኮሌጅ አዲሱ አሰልጣኝ ብሬነር ሃያ አራት ለሃያ አንድ ተሸንፏል። አንድ ደቂቃ ሲቀር ኳሷን በእግር አስመትቶ ሦስት ነጥብ ማግኘትና አቻ መሆን ይችል ነበር። እሱ ግን ለማሸነፍ አንዱን ተጫዋች ኳሷን በእጁ አስይዞ አስሮጠ፤ ልጁ መስመሩ ጋ ሲደርስ ተጠልፎ ወደቀ። ጋዜጠኞች ሲጠይቁት «ውሳኔው የእኔ ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። አራቱ የደጋፊ ማኅበሩ መሪዎች፣ ሎዌልና እነዚህ ሦስቱ፣ ደግሞ እሑድ ስድስት ሰዓት እዚሁ ጋራዥ ተሰብስበው «ይባረርልን» የሚል ደብዳቤ ሊያጸድቁ ነበር። በደንባቸው አንድ ሰው ከተቃወመ ደብዳቤ አይወጣም፤ የቀረ ሰው ግን እንደተስማማ ይቆጠራል። ተቃዋሚው ሎዌል ብቻ ነበሩ።

የሟቹ ልጅ ኮሪን ወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሮዊናን ስታይ። «ቅዳሜ ማታ ስታዲየም ደጅ ሥጋ ጠብሰን ስንመለስ ምድጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር፤ ፍም ቀርቶበት ይሆናል። አባዬ ደግሞ አፍንጫው ማሽተት ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ምንም አይሸተውም።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«በሦስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በአምስት ተኩል ስመለስ…» አልጨረሰችውም።

የወረዳው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉም የተናገረው ይህንኑ ነው። «አደጋ ነው፣ ሮዊና። ልጅቷ ተዝረከረከች። መዝገቡን ዝጊው።»

ሮዊና አልዘጋችውም። ሟቹ ጭን ላይ የነበረውን ደብተርና ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘችውን ትንሽ ካሜራ ወስዳ ማንም ሳያይ ቆለፈችባቸው። ከዚያ ገስን ለብቻው አነጋገረችው። ቅዳሜ በመኪና ማቆሚያው ሎዌልን «አንገትህን ነው የምጠመዝዘው» ያላቸው እሱ ነው።

«ያልኩትን ብያለሁ» አለ ገስ። «በኳስ ጊዜ ስንት ይባላል! ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የፓስተሩ ቤት ጣሪያ ላይ ነበርኩ፤ ምእመኑ በሙሉ አይቶኛል። ቨርነንም መዘምራኑ መሃል ቆሞ ሲያንኳርር ነበር።»

«የኮሪን ምድጃ ፍም ሊቀርበት ይችላል?»

ገስ እንደ ሞኝ አያት። «የሽንፈት አመድ ቤት ይገባል እንዴ? ስንሸነፍ አመዱን እዚያው ስታዲየሙ ጋ በርሜል ውስጥ እንደፋለን፤ ምድጃውንም በውሃ እናጥበዋለን። ቤት ካስገባሽው ዓመቱን ሙሉ ሽንፈት ነው። ኮሪን ስትደፋና ስታጥብ ቱቦውን የያዝኩላት እኔ ነኝ።»

ሮዊና ወደ ጋራዡ ተመልሳ አመዱን ለካችው፤ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ጓሮውን ዞረች። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ከሰል የሚያቀጣጥሉበት ቆርቆሮ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ሣሩ በክብ ተለብልቧል።

ወይዘሮ አርሊንን ያገኘቻቸው እቤታቸው ነው።

«እሑድ ጠዋት የት ነበሩ፣ ወይዘሮ ቦግስ?»

«የት እሄዳለሁ ልጄ፣ ፓይ ስጋግር ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ከወጥ ቤት አልወጣሁም። ሎዌልን ካየሁት ቅዳሜ ነው፤ እሱንም ከሩቅ። ያን ሰውዬ ስለደገፈ ከኛ ጋር መቀመጥ ትቶ ማዶ፣ ከተጫዋቾቹ ወንበር ጀርባ ነበር የሚቀመጠው።»

«እናንተ ከተቀመጣችሁበት ወንበሩ ጀርባ ይታያል?»

«ምኑ ይታያል? ፀሐዩ ዓይናችን ውስጥ ነው።»

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሮዊና ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮሪን ጥግ ይዛ አቀርቅራለች። ሸሪፉ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል።

«እኔ ኳስ አይገባኝም» አለች ሮዊና። «አሰልጣኙ ለምን አላስመታም? አንዴ አስረዱኝና ልሂድ።»

ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም።

«ትዕቢት ነው!» አለ ቨርነን። «ስሙን ሊያስጠራ!»

«ቀመር ነው የሚሉት አሁን» አለ ገስ። «ሰውዬው ኳስ በካልኩሌተር ነው የሚያጫውተው።»

«ሎዌል ቢኖር አንድ ምክንያት አያጣለትም ነበር» አለ ቨርነን።

«ምን ምክንያት!» ወይዘሮ አርሊን ከወንበራቸው ተነሡ፤ ፊታቸው ቀላ። «የመቺው እግር ነዋ ምክንያቱ! ትንሽ አነከሰ ተብሎ፣ ጫማው ወለቀ ተብሎ ጨዋታ ይጣላል? ከዚያች ርቀት በአንድ እግሩስ ቢሆን አይመታትም?»

ገስ ወደ አርሊን ዞረ።

«የማን እግር ነው እትዬ?» አለ ገስ። «መቺው ምን ሆነ?»

ሮዊና ደብተሩን አወጣች። «ሦስት ሰዓት ከአርባ። መቺው ልጅ ከወንበሩ ጀርባ ያነክሳል፤ ጫማውን አውልቀውለታል። አሰልጣኙ አይቶታል። ዝም ያለው ልጁን ላለማጋለጥ ነው» ብላ አነበበች። «አቶ ሎዌል ይህን የጻፉት እሑድ ጠዋት ነው። ያዩት ኮሪን ከተቀመጡበት ቦታ በቀረጸችው ፊልም ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም፤ ኮሪን እንኳ ስትቀርጸው ልብ አላለችውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካሜራውም ደብተሩም እኔ ጋ ናቸው።»

«በቴሌቪዥን አይቼው ነው» አሉ አርሊን።

«ስርጭቱን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ የለም። ከመቀመጫችሁ እንደማይታይ ደግሞ ራስዎ ነግረውኛል። ሊነግርዎ የሚችለው ሟቹ ብቻ ነው፤ ያውም ከሦስት ሰዓት ከአርባ በኋላ፣ እርስዎ ፓይ ስጋግር ነበር ባሉበት ሰዓት።» ወደ ሸሪፉ ዞረች። «ምድጃው ቅዳሜ ታጥቦ ነው የገባው። አመዱ የእሑድ ነው። ከሰሉ የተቀጣጠለው ጓሮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ነጭ እስኪሆን ጭሱ አልቋል። ሰውየው ማዳመጫ አድርገዋል፣ አይሸታቸውም፤ ከመኪናው ጀርባ ማን ምን እንደገለበጠ በምን ያውቃሉ? ከሞቱ ደግሞ ብርድ ፈርተው ራሳቸው አቀጣጠሉት ይባላል።»

አርሊን ተመልሰው ተቀመጡ።

«ልገድለው አይደለም» አሉ። «ማስረጃ አለኝ፣ ስብሰባው ላይ አሳያችኋለሁ አለኝ። ራሱን አሞት ቢተኛ ብዬ ነው። ስብሰባው እንዲያልፈው ብቻ። በስድስት ሰዓት ስንመጣ በሩን እከፍትለታለሁ ብዬ…»

«ከሰል ነጭ እስኪሆን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል» አለች ሮዊና። «ሃያ ደቂቃ ቆመው አራገቡት። ከዚያ በሩን ዘግተው ሄዱ። ሦስት ቀን ሙሉ ደግሞ ይህች ልጅ አባቴን ገደልኩ ስትል አጠገቧ ቁጭ ብለው ፓይ አበሏት።»

«አምሳ ዓመት ነው የደገፍኩት!» ብለው ጮኹ አርሊን። «አምሳ ዓመት! ያ ሰውዬ ቡድናችንን ሲያፈርስ ዝም ልበል?»

ሮዊና ሴትየዋን ለማየት እንኳ ተጸየፈች። ሸሪፉ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው።

ገስ ራሱን አከከ።

«ግን እኮ» አለ፣ «ልጁ ከተጎዳ ተቀያሪው አለ አይደል? እሱ ይመታዋ።»

«ተቀያሪው?» አለ ቨርነን። «ተቀያሪውማ ከዚያ ርቀት ሁለቴ ስቷል። መስከረም ላይ አላየህም?»

«አንዱ ነፋስ ነበረው!»

«የምን ነፋስ? ያን ቀን ቅጠል አልተነቃነቀም!»

ኮሪን ቀና አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከመሬት ያልተነሣ ፊቷን ሮዊና ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየችው። ልጅቷ ሄዳ ትልቁን የጋራዥ በር በሁለት እጇ እስከ ላይ ከፈተችው፤ ብርዱ ገባ።

«ውጡ» አለች። «ሁለታችሁም ከአባቴ ቤት ውጡ።»