በጉ እንዳያይ

ሩሀማ እስኪርቢቶ ፍለጋ የሙንተሃን ቦርሳ ስትበረብር ጣቷ ጠንካራ ነገር ነካ። በስፖርት ቱታ ተጠቅልሏል። ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ከስንዝር የሚበልጥ፣ እጀታው በጥቁር ላስቲክ የተጠመጠመ ቢላ ነው። ቶሎ ብላ ሸፈነችው።

«አገኘሽ?» አለቻት ሙንተሃ ከኋላዋ መጥታ።

«የለም» አለች ሩሀማ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ከዚያ በኋላ የአስተማሪው ትምህርት አልገባት አለ። መናኸሪያ አካባቢ አንድ ልጅ በስለት ከተወጋ ወዲህ ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ የተናገሩት ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፦ «ስለት ይዞ የተገኘ ይባረራል። አይቶ ዝም ያለም እንደዚያው!» ዘበኛው የሚፈትሸው የወንዶቹን ቦርሳ ብቻ ነው፤ ሴት ልጅ ቢላ ትይዛለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሩሀማ ግን የጠዋቱ ጠብ ትዝ አላት። ኦሊያድ የሚባለው የክፍላቸው ልጅ የሙንተሃን ሂጃብ ከኋላ ጎትቶ ሙድ ሲይዝባት፣ እሷ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «ቆይ፣ ታገኛታለህ!» ነበር ያለችው።

የሩሀማ እናት «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ማለት ትወዳለች። ግን ሙንተሃ? ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት፣ ዶሮ ሲታረድ ዓይኗን የምትጨፍነው ሙንተሃ? ለዩኒት ሊደሩ ብትናገር ጓደኛዋ የሚኒስትሪ ፈተና ሳትፈተን ትባረራለች። ዝም ብትል ደግሞ ኦሊያድ፣ ምንም ነገረኛ ቢሆን፣ ሰው ነው።

ሲለቀቁ «አብረን እንሂድ» አለቻት።

«ዛሬ አልችልም፤ ጉዳይ አለኝ» አለች ሙንተሃ፣ ሌላ ሌላውን እያየች።

ሙንተሃ ወደ ቤቷ በመሄድ ፈንታ ወደ መናኸሪያ ታጠፈች። ከፊቷ ኦሊያድ እየሄደ ነው። ሩሀማ በቆሙት ባጃጆች እየተከለለች ተከተለቻቸው። ኦሊያድ ታክሲ ውስጥ ገባ። ሙንተሃ ግን ዞር ብላም አላየችው። የቆመ ብስክሌት ፔዳል እየመቱ የቢላ መሳያ ድንጋይ ወደሚያሽከረክሩ አንድ ሽማግሌ ሄዳ ቢላውን ሰጠቻቸው። ድንጋዩ እሳት መትፋት ጀመረ።

«ሙንተሃ!»

ሙንተሃ ክው አለች። «ተከተልሽኝ እንዴ?»

«ቢላው ለማን ነው?»

«ለበጉ ነዋ! ነገ አረፋ አይደል እንዴ?»

«ታዲያ ቤት አይሳልም? አትዋሺ!»

«ወላሂ! በጉ ግቢያችን ውስጥ ነው የታሰረው። በግ እያየ ቢላ አይሳልም፤ ነውር ነው። በየዓመቱ ይዞ የሚወጣው ወንድሜ ነበር፤ ዘንድሮ ዲላ ነው። አባዬ ደግሞ ሱቁን ለማን ጥሎት ይምጣ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠዋት ኦሊያድን ያልኩትን ሰምተሻል። ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ሩሀማ እስከ ጆሮዋ ድረስ በሐፍረት ጋለች። በግ እንዳይፈራባቸው የሚጠነቀቁ ሰዎችን ልጅ ነው፣ ሰው ልትወጋ ነው ብላ ስትከተል የመጣችው።

ሽማግሌው ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልለው ለሙንተሃ ሰጧት። «ማዶ ፖሊሶች እየፈተሹ ነው ልጆቼ፤ ጠንቀቅ በሉ» አሉ።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በዚያው ነው። ሙንተሃ ፊቷ አመድ መሰለ። ጥቅሉን መልሳ ቱታው ውስጥ ለመሸጎጥ እየታገለች «አንቺ ቀድመሽ ሂጂ» አለች። «ከጠየቁሽ አላውቃትም በይ።»

ከፖሊሶቹ አንዷ የአንዲት ሴት ዘምቢል እየፈተሸች ነበር። ሩሀማ መንገዷን ይዛ ብትሄድ የሚያስቆማት የለም።

«አትደብቂው፣ አቦ!» አለችና ጥቅሉን ተቀበለቻት። ተሰልፈው ተራቸውን ጠበቁ። ሲደርሱ፣ ቦርሳ ክፈቱ ሳይባሉ ጥቅሉን ወደ ፖሊሷ ዘረጋች።

«ቢላ ነው። ለአረፋ አስስለነው ነው።»

ፖሊሷ ጋዜጣውን ገልጣ ስለቱን አየች። ከዚያ የአንዷን ሂጃብ፣ የሌላዋን ሹሩባ፣ የሁለቱንም ዩኒፎርም።

«የማናችሁ ነው?»

ሙንተሃ አፏን ከፈተች። ሩሀማ ቀደመቻት።

«የእኛ» አለች።