በሟች ጡጫ ውስጥ የተገኘው ጤና አዳም

ጆሮን ከፈጠረ አምላክ የሚሰወር ጩኸት የለም። ዘመንና ሰዓት በእጁ ናቸውና፣ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ጀርባ በአንድ ግቢ የፈሰሰውን ደም አስቀድሞ ያወቀ እርሱ ነው። ሰው ግን የሚያውቀው ጠይቆ፣ መርምሮ፣ ዘግይቶ ነው።

ኢንስፔክተር ዘመነች ረፋዱ ላይ ስትደርስ፣ የጠላቂ ዋናተኞች አሠልጣኝ ጥሩነህ በዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ጠላቂዎች ወገባቸው ላይ በሚታጠቁት የእርሳስ ክብደት ሦስት ጊዜ ተመትቶ፣ ማጅራቱ እንደ ገል ደቅቆ፣ ደሙ እስከ ጣሪያው ተረጭቷል። በቀኝ እጁ ገና ያልጠፋች ትንሽ ባትሪ ይዟል። የግራ ጡጫውን ስትፈለቅቀው የተድቦለቦለ ጤና አዳም አገኘች፤ ጫፉ በቢጫ እዥ ረጥቧል።

ሬሳውን ያገኘችው ሠልጣኟ ሄቨን፣ እስከ ክርኗ ደም ነክሯት፣ በካቴና ታስራ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት ከሟች ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለችና፣ ፖሊሶቹ ሊወስዷት መኪና አስነሥተዋል።

«ጋሼን ላነሣቸው ብዬ ነው የነካኋቸው» አለች። «የሚተነፍሱ መስሎኝ።»

«የተጨቃጨቃችሁትስ?»

«ጉንፋን ይዞሻል ብለው ከለከሉኝ። አፍንጫው የተዘጋ ሰው ሲጠልቅ የጆሮው ታምቡር ይፈነዳል ይላሉ። ማንንም ጆሮውን በባትሪ ሳያዩ ውኃ አያስገቡም።»

ዘመነች ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ አየች፤ አሸተተችም። «ጤና አዳም ትወትፊበታለሽ?»

«እኔ? ቢያዩኝ ያባርሩኝ ነበር። ጥጥም ሆነ ቅጠል ክልክል ነው። ከውኃ ስንወጣ ጭንቅላታችንን አዘንብለን ማድረቅ ብቻ።»

የግቢው ዘበኛ ገሜዳ፣ ረዳት አሠልጣኙ ሰይፈሥላሴ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት በግቢው የመጥለቂያ ገንዳ ውስጥ እንደ ነበር መሰከረ። «አረፋውን አይቻለሁ።»

«እንዴት ያለ አረፋ?»

«እንደ ሽሮ የሚንተከተክ፣ እመቤቴ። ሽሮ እንኳ ትንፋሽ ይሰበስባል፤ ይኼ ሩብ ሰዓት ሙሉ አላቋረጠም።»

ሰይፈሥላሴ ጸጉሩ ረጥቦ ቆሟል። ዘመነች በቀኙ በኩል ስትጠይቀው፣ ዞሮ ግራ ጆሮውን ሰጣት።

«አምስት ሜትር ታች፣ የገንዳውን ፍርግርግ ሳጠብቅ ነበር» አላት።

«ጆሮዎ ደኅና ነው?»

«እንደ ብረት። ሃያ ዓመት ጠልቄበታለሁ።»

ዘመነች ሁሉንም ገንዳው ዳር ሰበሰበች።

«ጠላቂ ሲያስወጣ አረፋ ይነሣል፤ አየር ሲስብ ይቋረጣል። ገሜዳ ያየው ግን አላቋረጠም። ታች የነበረው አፉ ተከፍቶ የተጣለ የአየር ሲሊንደር እንጂ ሰው አይደለም።»

«የመተንፈሻው አፍ ተበላሽቶብኝ እየፈሰሰ ነበር» አለ ሰይፈሥላሴ።

«ይሁን። ሟች ግን ባትሪና ቅጠል እንደ ያዙ ነው የወደቁት። ከአንድ ሰው ጆሮ ቅጠሉን አውጥተው ውስጡን እያዩ ነበር። የገሜዳ ጆሮ አይመረመርም፤ ጠላቂ አይደለም። የሄቨን ንጹሕ ነው። እርስዎ አፍንጫዎን ይያዙና፣ አፍዎን ዘግተው ይንፉ፤ ሠልጣኞችዎን በየቀኑ የሚያለማምዱት ነው።»

«ንፋ እንጂ» አለው ገሜዳ። «ብረት ነው አላልክም?»

ነፋ። ከቀኝ ጆሮው ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ታምቡሩ ተበስቶ ነበርና። እዥ ከደም ጋር ወደ አገጩ ወረደ።

«አሁን ስጠልቅ ነው የፈነዳው።»

«ጆሮ በአንድ ረፋድ እዥ አይቋጥርም። ደግሞም እዡ በሟች ጡጫ ውስጥ ነው፤ እርሳቸው ከመሞታቸው በፊት ጆሮዎ ታሞ ነበር ማለት ነው። በተበሳ ታምቡር ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ራስ ይዞራል፤ ይህን እያወቁ አይጠልቁም። ጸጉርዎን ብቻ ነከሩ።»

ሰይፈሥላሴ ዘልሎ ጉሮሮዋን አነቀ። ገሜዳ በቆመጡ ክንዱን ሲሰብረው አጥንቱ ተሰማ፤ ፖሊሶቹ በፊቱ ከገንዳው ዳር ሸክላ ጋር አላተሙት።

«እናቴ ለሕመሜ የሰጠችኝን ቅጠል ከጆሮዬ መዝዞ ሳቀብኝ» አለ ጥርሱን ከደም ጋር እየተፋ። «‹ከእንግዲህ ውኃ አትገባም፣ ለሁሉም እነግራለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሌላ ምን እችላለሁ? ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ካቴናው ከሄቨን እጅ ወልቆ በእርሱ ላይ ገባ። እርሷም ወደ ገንዳው ሳትጠጋ፣ ከቧንቧው ሥር ተንበርክካ የመምህሯን ደም ታጠበች።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን እግዚአብሔር ይጠብቅ፤ ለልጆችህ ምክር የሚያደምጥ ጆሮ ይስጣቸው፤ ደም ከደጃፍህ ይራቅ። አሜን።